ያለ አግባብ የገባ ማስረጃና በይግባኝ የሚፈርስ ፍርድ

በአማርኛ «ይግባኝ» የሚለው ቃል «ገባ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። በታችኛው ችሎት የተፈረደበት ሰው ነገሩ በዚያ ተዘግቶ እንዳይቀር፥ ከበላዩ ዳኛ ዘንድ ይግባልኝ፥ እንደ ገና ይመርመርልኝ ብሎ የሚያሰማው አቤቱታ ነው። ቃሉን በከተማም በባላገርም የማያውቀው የለም። ይግባኝ ሰሚው ዳኛ በእርግጥ ምን እንደሚመረምር የሚያውቀው ግን ጥቂት ሰው ነው። በወንጀል የተፈረደበት ሰው በይግባኝ ሲለቀቅ ግማሹ «ንጹሕ ሆኖ ተገኘ» ይላል፤ ግማሹ «ዳኞቹ ራሩለት» ይላል፤ ሌላውም ከዚህ የከፋ ነገር ያስባል። ነገር ግን ከእነዚህ ሁሉ የተለየ፥ በሕግ ዘንድ ትልቅ ስፍራ ያለው ምክንያት አለ። ይኸውም ለፍርዱ መሠረት ከሆኑት ማስረጃዎች አንዱ ወደ ችሎት መግባት የማይገባው ሆኖ ሲገኝ ነው።

ይህ ነገር ለሕግ አዋቂዎች ብቻ የሚተው አይደለም። የተጠርጣሪን ቃል የሚቀበለው የፖሊስ ሹም፥ መዝገቡን የሚያደራጀው ጸሐፊ፥ ለምስክርነት የሚጠራው ጎረቤት፥ ልጇ የታሰረባት እናት፥ ቤቱ የተዘረፈበት ነጋዴ፥ ሁሉም በዚህ ሥርዐት ውስጥ ድርሻ አላቸው። አንድ ማስረጃ ያለ አግባብ በገባ ጊዜ ጉዳቱ የሚደርሰው በአንድ ወገን ብቻ ሳይሆን በሁሉም ላይ ነው። ስለዚህ ነገሩን በእውነት በተፈረዱ ጥቂት ጉዳዮች አማካይነት መመልከት ይጠቅማል። ስለ ኢትዮጵያ ሕግ ከሚነገረው በቀር ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

የማትታወቀው ሴት ጩኸት

በደቡብ አሜሪካ ሰሜናዊ ጠረፍ ጉያና የምትባል አገር አለች። ነጻነቷን ያገኘችው በ1966 ሲሆን ከዚያ በፊት የእንግሊዝ ግዛት ስለ ነበረች ብሪቲሽ ጉያና ትባል ነበር። በዚያ በግዛትነት ዘመን አንድ ሱቅ ተቃጠለ። ሱቁ የአንዲት ሴት ንብረት ሲሆን የሚነግድበት ባሏ ነበረ። ዐቃቤ ሕግ «እሳቱን ሆን ብሎ የለኰሰው ይኸው ባል ነው» ሲል ከሰሰው። ተከሳሹም በዚያ ሰዓት በዚያ ስፍራ አልነበርሁም ብሎ ተከራከረ። እንግዲህ ሰውዬው በእሳቱ ሰዓት በአካባቢው ታይቷል ወይስ አልታየም የሚለው ጥያቄ የክርክሩ እንብርት ሆነ።

ከቀረቡት ምስክሮች አንዱ ፖሊስ ነበረ። ይህ ፖሊስ የመሰከረው እንዲህ ነው። እሳቱ ከተነሣ ከ26 ደቂቃ ያህል በኋላ፥ ከሚቃጠለው ሱቅ ከ200 ሜትር በላይ በሚርቅ ስፍራ ሳለ የአንዲት ሴት ድምፅ ሰማ። ሴቲቱም «ቤትህ እየተቃጠለ አንተ ከእሳቱ ትሸሻለህ» የሚል ትርጉም ያለው ቃል ትጮኽ ነበር። ወዲያውም ጥቁር አውቶሞቢል ዐለፈ፤ በውስጡም መልኩ ነጣ ያለ፥ ተከሳሹን የሚመስል ሰው ተቀምጦ ነበር።

ሴቲቱ ግን በችሎት ፊት አልቀረበችም። ማን እንደ ሆነች የነገረ፥ ከምን ያህል ርቀት እንዳየች ያስረዳ፥ ተከሳሹን አስቀድማ ታውቀው እንደ ነበረ የተናገረ ሰው አልነበረም። የተረፈው ጩኸቷ ብቻ ነበረ፤ ይኸውም በፖሊሱ አንደበት በኩል የደረሰ ነው። ይህም ሆኖ ምስክርነቱ ተሰማ፤ ሰውዬውም ጥፋተኛ ነው ተባለ። በዚያው አካባቢ የነበረው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤትም አቤቱታውን አልተቀበለውም።

የመጨረሻው በር ለንደን ነበረ። በዚያ ዘመን ከእንግሊዝ ግዛቶች የሚመጣውን የመጨረሻ ይግባኝ የሚሰማው የፕሪቪ ካውንስል የፍርድ ኮሚቴ የሚባለው፥ በ1833 የተቋቋመው የዳኞች ጉባኤ ነው። ይህ ጉባኤ በወንጀል ነገር በቀላሉ እጁን አያስገባም ነበር። በሥራ ላይ የታየ ስሕተት ሁሉ አያስነሣውም፤ ከባድና እውነተኛ የፍትሕ መጓደል ካልታየ በቀር የግዛቶቹን ፍርድ አይነካም። እንዲህ ያለው ጥንቁቅ ጉባኤ በ1952 ይህን ጉዳይ መርምሮ የጥፋተኝነቱን ውሳኔ ሻረው። የጉባኤውን ፍርድ ያነበቡት ሎርድ ኖርማንድ ነበሩ።

ፖሊሱ የሰማው፥ ሴቲቱ ያየችው

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ፖሊሱ በመሐላ ቀርቦ በገዛ ጆሮው የሰማውን ተናግሯል፤ ዋሸ የሚያሰኝ ምክንያትም የለም። ታዲያ ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው?

መልሱ የሚገኘው ምስክርነቱን ለሁለት ከፍሎ በመመርመር ነው። «አንዲት ሴት ስትጮኽ ሰማሁ» የሚለው የፖሊሱ የራሱ ዕውቀት ነው። «የሸሸው ሰው የሱቁ ጌታ ነው» የሚለው ግን የፖሊሱ ዕውቀት አይደለም፤ የሴቲቱ ነው። ዐቃቤ ሕግ የፈለገውም ይህን ሁለተኛውን ነው። እንግዲህ በችሎቱ ውስጥ ዋናዋ ምስክር እርሷ ሆና ሳለች ያልቀረበችው ምስክርም እርሷ ነበረች ማለት ነው።

እንዲህ ያለውን ማስረጃ የዛሬው የሕግ አማርኛ «የስሚ ስሚ» ይለዋል። ጉባኤው የስሚ ስሚን የሚከለክለው ደንብ ከመሠረታዊ ደንቦች አንዱ መሆኑን ገልጾ ምክንያቶቹን ዘርዝሯል። አንደኛ፥ ከሁሉ የተሻለው ማስረጃ እርሱ አይደለም፤ የተሻለው ያየው ሰው ራሱ ነው። ሁለተኛ፥ ቃሉ በመሐላ የተነገረ አይደለም። ሦስተኛ፥ ተናጋሪው እውነተኛና ጠንቃቃ መሆኑ በመስቀለኛ ጥያቄ ሊፈተን አይችልም። አራተኛ፥ ዳኞች የምስክሩን ፊትና አነጋገር ተመልክተው የሚያገኙት ብርሃን ይጠፋል።

ከእነዚህ ውስጥ በተለይ ሦስተኛው ለእኛ እንግዳ አይደለም። በአገራችን የቀድሞ የሙግት ሥርዐት «ተጠየቅ» ይባል የነበረው ክርክር የቆመው፥ በሰው ላይ ነገር የሚያመጣ ሁሉ ፊት ለፊት ቆሞ ይጠየቅ በሚል አሳብ ላይ ነው። «ሳያጣሩ ወሬ፥ ሳይገድሉ ጎፈሬ» የሚለው ተረትም ከዚሁ አሳብ ጋር ይስማማል። የሴቲቱን ጩኸት ግን ማን ያጣራዋል? ጨለማ ነበረን? ዐይኗ ደኅና ነውን? ሰውዬውን ትጠላው ነበርን? ወይስ ሌላውን ሰው እርሱ መስሏት ነው? የተከሳሹ ጠበቃ ከእነዚህ ጥያቄዎች አንዱን እንኳ የሚያቀርብላት ሰው በፊቱ አልነበረችም።

ሕጉ ለዚህ ደንብ የተወሰኑ ልዩ ሁኔታዎች አሉት። ከእነርሱም አንዱ፥ ቃሉ ከድርጊቱ ጋር አብሮ በአንድ ጊዜና በአንድ ስፍራ የተነገረ እንደ ሆነ የድርጊቱ ክፍል ሆኖ ሊሰማ ይችላል የሚለው ነው። አንድ ሰው በጩቤ ሲወጋ «ገደለኝ» ብሎ ቢጮኽ፥ ጩኸቱ ከመወጋቱ የሚለይ አይደለም፤ ነገር ለመፈልሰፍም ጊዜ አልነበረም። ዐቃቤ ሕግ የሴቲቱን ጩኸት በዚህ በር ሊያስገባው ሞከረ። ጉባኤው ግን ቃሉ ከድርጊቱ ጋር በጊዜና በቦታ የተጣበቀ መሆን አለበት አለ። የተከሰሰው ወንጀል እሳት መለኰስ ነው፤ ጩኸቱ የተሰማው ግን ከ26 ደቂቃ በኋላ፥ ሌላ ስፍራ ላይ ነው። ስለዚህ በሩ ተዘጋ።

ይህ ደንብ «ሰው የተናገረው ቃል ሁሉ በችሎት አይነገር» ማለት እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። በ1956 ይኸው ጉባኤ ከማላያ የመጣ ጉዳይ ተመለከተ። ተከሳሹ ጥይት ይዞ ስለ ተገኘ በአስቸኳይ ጊዜ ደንብ ሞት ተፈርዶበት ነበር። መከላከያውም ሽፍቶች ማርከውና በሞት አስፈራርተው እንዳስገደዱት ነበረ። ሽፍቶቹ የተናገሩትን ሊያስረዳ ሲጀምር ግን የመጀመሪያው ዳኛ «ይህ የስሚ ስሚ ነው» ብለው ከለከሉት። ጉባኤው ይህንንም ፍርድ ሻረው። ሰውዬው የሽፍቶቹን ቃል የጠቀሰው ዛቻቸው እውነት መሆኑን ለማስረዳት ሳይሆን ዛቻው መነገሩንና በእርሱ ልብ ላይ ያሳደረውን ፍርሃት ለማስረዳት ነው፤ ይህ ደግሞ በገዛ ጆሮው የሰማው፥ ራሱም ሊጠየቅበት የሚችል ነገር ነው። ከዚህ እንደምንረዳው፥ መግባት የሌለበትን ማስረጃ ማስገባት ፍርድን እንደሚያፈርስ ሁሉ መግባት ያለበትን ማስወጣትም ያፈርሳል።

በብንያም ስልቻ የተገኘው ጽዋ

በሱቁ ቃጠሎ ጉዳይ ላይ የሴቲቱ ጩኸት ከወጣ በኋላ የቀረው የአካባቢ ማስረጃ ነበረ። የአካባቢ ማስረጃ የሚባለው ድርጊቱን በቀጥታ የሚያሳይ ሳይሆን በዙሪያው ያሉትን ነገሮች አገናኝቶ ወደ ድርጊቱ የሚያመለክት ነው። እንዲህ ያለ ማስረጃ አይናቅም፤ ብዙ ጊዜ ከአንድ ደካማ የዐይን ምስክር ይልቅ ይጠነክራል። ነገር ግን በጥብቅ መመርመር አለበት፤ ምክንያቱም አንድ ሰው በሌላው ላይ ጥርጣሬ ለመጣል ብሎ ሊያዘጋጀው ይችላል።

ሎርድ ኖርማንድ ይህን ሲያስረዱ የጠቀሱት የሕግ መጽሐፍ አልነበረም፤ በኦሪት ዘፍጥረት የሚገኘውን የዮሴፍን ታሪክ ነው። ዮሴፍ የብር ጽዋውን በታናሹ ወንድሙ በብንያም ስልቻ ውስጥ እንዲያኖሩት ቤቱን የሚጠብቀውን ሰው አዘዘ። ጽዋው ከስልቻው ሲወጣ ወንድሞቹ ሁሉ ብንያም ሰርቋል ብለው ልብሳቸውን ቀደዱ። ጽዋው በእርግጥ በስልቻው ውስጥ ነበረ፤ ያዩትም ነገር ሐሰት አልነበረም። ሐሰት የሆነው ካዩት ነገር ተነሥተው በችኰላ የደረሱበት ፍርድ ነው።

ይህ ምሳሌ ለይግባኙ ጥያቄ መንገድ ይከፍታል። የአካባቢ ማስረጃው ብቻውን ቢቀር አከራካሪ ነበረ። ከሴቲቱ ጩኸት ጋር ሲጣመር ግን ጩኸቱ ለሁሉም ነገር ማሰሪያ ሆነለት። ሰው በጆሮው «ቤትህ እየተቃጠለ ትሸሻለህ» የሚል ቃል ከሰማ በኋላ የቀረውን ነገር ሁሉ በዚያ ቃል በኩል ያየዋል። ያለ አግባብ የገባ ማስረጃ አደጋው ይህ ነው፤ ለብቻው ቆሞ አይቀርም፥ የሌሎቹን ማስረጃዎች መልክ ይለውጣል።

ድንጋዩ ሲወጣ ካቡ ይቆማልን?

ብዙ ሰው በዚህ ላይ ይሳሳታል። አንድ ማስረጃ ያለ አግባብ ገባ ማለት ፍርዱ ወዲያውኑ ፈረሰ ማለት አይደለም። በደጋ አገር ያለ ጭቃ፥ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርድሮ የሚሠራውን ካብ የሚያውቅ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። ከካቡ አንድ ድንጋይ ሲነቀል አንዳንድ ጊዜ ካቡ አይነቃነቅም፤ አንዳንድ ጊዜ ይዘነብላል፤ አንዳንድ ጊዜም ሁሉም ይናዳል። የይግባኝ ዳኛ ሥራ ድንጋዩን በአሳቡ ነቅሎ የቀረውን መመልከት ነው።

በመጀመሪያው ሁኔታ፥ የቀረው ማስረጃ ብቻውን ተከሳሹን ያለ ጥርጥር ጥፋተኛ የሚያደርግ ከሆነ ፍርዱ ይጸናል። በ1907 የወጣው የእንግሊዝ የወንጀል ይግባኝ ሕግ፥ እውነተኛ የፍትሕ መጓደል አልደረሰም ብሎ ያመነ ፍርድ ቤት ስሕተት ቢያገኝ እንኳ ይግባኙን ሊሰርዝ እንደሚችል ይደነግግ ነበር። በ1872 የወጣው የህንድ የማስረጃ ሕግም ማስረጃ ያለ አግባብ መግባቱ ብቻውን ፍርድ ለመሻር እንደማይበቃ፥ የቀረው ማስረጃ በቂ መሆኑም መታየት እንዳለበት ይናገር ነበር። ይህ የህንድ ሕግ በእንግሊዝ ዘመን ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ግዛቶች ጭምር ተሻግሮ ለብዙ ዓመታት ስለ ተሠራበት በአካባቢያችን የሕግ ታሪክ ትልቅ ስፍራ አለው።

በሁለተኛው ሁኔታ፥ የቀረው ማስረጃ ፈጽሞ የማይበቃ ከሆነ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ፍርዱ ይሻራል።

አስቸጋሪው ሦስተኛው ሁኔታ ነው። የቀረው ማስረጃ ጥፋተኛ ሊያሰኝም ላያሰኝም ይችል ይሆናል። በእንግሊዝ ሥርዐት ከባድ ወንጀል በሚታይበት ችሎት ጥፋተኛ ነው ወይም አይደለም የሚሉት ዳኛው ሳይሆኑ ጁሪ የሚባሉት ከሕዝብ የተውጣጡ ሰዎች ናቸው። እነርሱም ውሳኔያቸውን በአጭር ቃል ይናገራሉ እንጂ ምክንያታቸውን አይዘረዝሩም። ስለዚህ ጩኸቱን ምን ያህል እንዳመኑት፥ ያለ እርሱም ምን ይሉ እንደ ነበረ ማንም ሊያውቅ አይችልም። የይግባኝ ዳኛም ምስክሮቹን በዐይኑ ስላላየ በእነርሱ ፈንታ ሊገምት አይገባውም። ያለዚያ ማስረጃም ቢሆን በእርግጥ ይፈረድበት ነበር ለማለት ካልተቻለ፥ ጥርጣሬው የሚቈጠረው ለተከሳሹ ነው። ሎርድ ኖርማንድና ጓደኞቻቸውም የደረሱበት ይህን ነው፤ ተከሳሹ በአግባብ የተፈጸመ የፍርድ ሂደት አላገኘም አሉ። እሳቱን አልለኰሰም አላሉም፤ ለኰሰም አላሉም።

ካቡን የሚያናጋው ድንጋይ የስሚ ስሚ ብቻ አይደለም። በ1930ዎቹ በእንግሊዝ አገር አንድ ሐኪም አንዲት ሴት በመሞቷ ተከስሶ ሳለ፥ ከዚያ በፊት ተመሳሳይ በሆነ ነገር ተከስሶ በነጻ መለቀቁን ዐቃቤ ሕግ በጥያቄ አንሥቶ አሰማ። የጌቶች ምክር ቤት ፍርዱን ሻረው። በነጻ የተለቀቀበት ክስ ስለ አሁኑ ክስ የሚያስረዳው ነገር የለም፤ በሰሚው ልብ ግን «እሳት ከሌለ ጭስ ከየት መጣ» የሚል ጥርጣሬ ይጥላል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ በማስፈራራት ወይም በማባበል የተገኘ የእምነት ቃል ነው። የእምነት ቃል ካለ ሌላ ማስረጃ የሚፈልግ መርማሪ ጥቂት ስለ ሆነ፥ ያ ቃል ሲወድቅ ከሥሩ የሚቀር ካብ ብዙ ጊዜ አይገኝም። የምሥራቅ አፍሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ1967 ከዩጋንዳ በመጣ አንድ ጉዳይ፥ ተከሳሹ በኋላ የካደውን የእምነት ቃል ፍርድ ቤቶች በታላቅ ጥንቃቄ እንዲመለከቱት፥ እውነት መሆኑንም በሚገባ ሳያረጋግጡ እንዳይፈርዱበት አስጠንቅቋል።

ከኬንያ የመጣው ተቃራኒ ፍርድ

እስከ አሁን የተናገርነው ማስረጃው በራሱ ጠባይ የማይታመን ስለ ሆነበት ሁኔታ ነው። እውነተኛ የሆነ ዕቃ ሕግን በመጣስ ቢገኝስ? ይህ ጥያቄ ከጎረቤታችን ከኬንያ ተነሥቶ ወደዚያው የለንደን ጉባኤ ደርሷል፤ ፍርዱም በ1955 በሕግ መዝገቦች ታትሟል።

በኬንያ የአስቸኳይ ጊዜ ደንብ በጸናበት ወራት አንድ ሰው በመንገድ ኬላ ላይ ተፈትሾ ሁለት ጥይት ተገኘበት ተባለ። በዚያ ደንብ መሠረት ያለ ፈቃድ ጥይት መያዝ በሞት ያስቀጣ ነበርና ሞት ተፈረደበት። ነገር ግን ሕጉ ሰውን እንዲፈትሹ ሥልጣን የሰጠው ከተወሰነ የፖሊስ ማዕርግ ጀምሮ ላሉት ነው፤ የፈተሹት ፖሊሶች ግን ከዚያ ማዕርግ በታች ነበሩ። እንግዲህ ፍተሻው ሕገ ወጥ ከሆነ ጥይቱ ማስረጃ ሊሆን ይችላልን? ጉባኤው በሎርድ ጎዳርድ አማካይነት «ይችላል» ሲል መለሰ። ማስረጃው ለነገሩ የሚያገለግል ከሆነ ፍርድ ቤቱ እንዴት ተገኘ ብሎ አይጠይቅም፤ ሆኖም ማስረጃው ቢገባ በተከሳሹ ላይ በደል የሚሆን መስሎ ከታየው ዳኛው ሊያስወጣው ይችላል አለ። የሰውዬው ይግባኝም ወደቀ።

በሁለቱ ፍርዶች መካከል የቈየው ጊዜ ጥቂት ነው፤ የፈረደውም አንድ ጉባኤ ነው። የአንዲት ያልታወቀች ሴት ጩኸት ከችሎት ሲወጣ በሕገ ወጥ ፍተሻ የተገኘ ጥይት ገባ። የልዩነቱ ምክንያት፥ በዚያ ዘመን የጉባኤው አስተሳሰብ ማስረጃው ይታመናል ወይስ አይታመንም ከሚለው ጥያቄ አልፎ ባለሥልጣኑ ሕግን ጠብቋል ወይስ አልጠበቀም ወደሚለው ብዙ ስላልተራመደ ነው። ይህን የሚተቹ ሰዎች «ሹሙ ሕግን ጥሶ ያገኘውን ፍሬ እንዲበላ ከተፈቀደለት ሕጉን ለምን ይጠብቃል?» ይላሉ። ኬንያም ራሷ በ2010 ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት መልሱን ለውጣለች። የሰውን መብት በመጣስ የተገኘ ማስረጃ፥ ቢገባ የፍርዱን ሂደት ትክክለኛ የማያደርግ ወይም የፍትሕን አስተዳደር የሚጐዳ ሲሆን እንዲወጣ ደንግጋለች።

በአገራችን

በኢትዮጵያ ከቀድሞ ጀምሮ ወንጀለኛን የማውጣት ልዩ ልዩ ልማድ ነበረ። በአውጫጭኝ ሕዝቡ ተሰብስቦ የሚያውቀውንና የሚጠረጥረውን እንዲያወጣ ይጠየቅ ነበር። በሌባ ሻይ ደግሞ መድኃኒት የጠጣ ልጅ እየተመራ ሄዶ የገባበት ቤት ጌታ ሌባ ይባል ነበር። ያ ልጅ በመሐላ አይጠየቅም፤ ያየውም ነገር የለም፤ ነገር ግን አንድ ቤተ ሰብ በእርሱ እግር አቅጣጫ ሀብቱንና ስሙን ያጣ ነበር። በዘመናዊው ሕግ ምስክርነት ለምን በደንብ እንደ ታጠረ ለመረዳት ይህን ማስታወስ ይበቃል።

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዐት ሕግ በአንቀጽ 27 የተያዘ ሰው ለፖሊስ ጥያቄ መልስ ለመስጠት እንደማይገደድ፥ የሰጠውም ቃል ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብበት እንደሚችል እንዲነገረው አዘዘ። በአንቀጽ 31 ፖሊስ በሚጠይቀው ሰው ላይ ማባበልን፥ ማስፈራራትን፥ የተስፋ ቃልንና ይህን የመሰለ አግባብ ያልሆነ ዘዴ ሁሉ ከለከለ። የቤት ብርበራም ፍርድ ቤት በሌላ አኳኋን ካላዘዘ በቀር ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ማታው 12 ሰዓት ባለው ጊዜ እንዲሆን ወሰነ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ደግሞ ይህን ከፍ አድርጎ፥ በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት እንደሌለው በአንቀጽ 19 ገልጿል። በአንቀጽ 20ም የተከሰሰ ሰው የቀረበበትን ማስረጃ የመመልከትና የመሰከሩበትን የመጠየቅ፥ እንዲሁም ይግባኝ የማለት መብት እንዳለው ደንግጓል። የመሰከሩበትን የመጠየቅ መብት ማለት፥ ያቺ ሴት ቀርባ ትጠየቅ ማለት ነው።

በአገራችን ጁሪ የለም፤ ጥፋተኝነቱንም ቅጣቱንም የሚወስኑት ዳኞች ናቸው፥ ምክንያታቸውንም ይጽፋሉ። ስለዚህ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የትኛው ድንጋይ የትኛውን ጫና ተሸክሞ እንደ ነበረ ከመዝገቡ ማንበብ ይችላል። ይህ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን መዝገቡ በሚገባ ካልተጻፈ ጥቅሙ ይቀራል። ምስክሩ «አየሁ» ያለውን «ሰማሁ» ብሎ የጻፈ፥ ወይም «ሰዎች ሲናገሩ ሰማሁ» ያለውን አሳጥሮ «አውቃለሁ» ብሎ የመዘገበ ጸሐፊ፥ ሳያስበው የሰውን ዕጣ ለውጧል።

ጉዳቱ የማን ነው?

ያለ አግባብ የገባ ማስረጃ ፍርድን ሲያፈርስ በመጀመሪያ የተጐዳው የተፈረደበት ሰው ነው፤ በይግባኝ ቢለቀቅም ይግባኙ እስኪሰማ ድረስ በእስር የቈየባቸው ዓመታት አይመለሱለትም፥ ልጆቹም በእነዚያ ዓመታት ያለ አሳዳጊ አድገዋል። ነገር ግን የተበደለውም ወገን ይጐዳል። ወንጀሉ በእርግጥ ተፈጽሞ፥ ተከሳሹም በእርግጥ ጥፋተኛ ሆኖ ሳለ፥ መርማሪው በትጋት ሊያገኘው ይችል የነበረውን ጥሩ ማስረጃ ትቶ በቀላሉ በተገኘው በመጥፎው ስለ ተማመነ ብቻ ነገሩ ሁሉ ሊናድ ይችላል። ከዚያ በኋላ ምስክሮች ተበትነዋል፥ አንዳንዶቹም ሞተዋል፥ የቀሩትም ረስተዋል። ስለዚህ «ደንብ ደንብ ማለት ለወንጀለኛ ማገዝ ነው» የሚለው አባባል ትክክል አይደለም። ደንቡን የጠበቀ መርማሪ ለተበደለው ሰው የማይናድ ካብ ይሠራለታል።

ስለዚህም ቃል የሚቀበል ሹም ምስክሩ «እንዲህ ሆነ» ባለው ጊዜ ሁሉ «አንተ ይህን በምን ዐወቅህ?» ብሎ ይጠይቅ። ምስክሩ ከሌላ ሰው ሰምቶ እንደ ሆነ ያን ሌላ ሰው ፈልጎ ያምጣ እንጂ በሰሚው ቃል አይርካ። የእምነት ቃል ያገኘ መርማሪም ምርመራው አለቀ ብሎ እጁን አይጠብ፤ ያ ቃል ነገ ቢወድቅ ከሥሩ የሚቀረውን ዛሬ ያሰናዳ። ዐቃቤ ሕግ ደግሞ የሚያቀርበውን ማስረጃ እያንዳንዱን «ይህ ቢነቀል ክሴ ይቆማልን?» ብሎ አስቀድሞ ራሱን ይጠይቅ።

ለምስክርነት የምትጠሩ እናቶችና አባቶች፥ ወንድሞችና እኅቶች፥ ከናንተ የሚፈለገው ብዙ ዕውቀት አይደለም። ያያችሁትን አየን፥ የሰማችሁትን ሰማን፥ የማታውቁትን አናውቅም በሉ። በቡና ሰዓት ከጎረቤት የተሰማውን ነገር በዐይን እንደ ታየ አድርጎ በችሎት መናገር ለተበደለው የማገዝ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን በዚያ ቃል የተፈረደው ፍርድ ነገ በይግባኝ ሲፈርስ ከሁሉ በፊት የሚያዝነው ያ ልታግዙት የፈለጋችሁት ሰው ነው።